ይጫን ወይስ ይገልበጥ?

የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ልደታ ምድብ ችሎት አካባቢ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የምንተዳደር ባልና ሚስት ነን። ዴስክቶፖቻችን ቫይረስ እየገባባቸው በየጊዜው ፎርማት ይደረጋሉ፤ ፎርማት በተደረጉ ቁጥር ደግሞ ፕሮግራሞቹን በሙሉ እንደገና ለማስጫን ለባለሙያ እንከፍላለን፣ የሥራ ሰዓትም ይባክንብናል። በቅርቡ አንድ ጠበቃ ደንበኛችን ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ፣ ምንም ነገር ሳይጭን፣ ፒ.ዲ.ኤፍ. ማንበቢያውንም የጽሑፍ ማዘጋጃውንም ከዚያው ከፍላሹ ከፍቶ ሲሠራ ተመለከትን። እኛም ይህን አይተን በአንደኛው ኮምፒውተር ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለውን የአንድ ፕሮግራም ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላኛው ገለበጥነው፤ ሲከፈት ግን የዲ.ኤል.ኤል. ፋይል ጎድሏል የሚል መልእክት አምጥቶ አልነሣ አለን። የእርሱ ሠርቶ የእኛ እምቢ ያለው ለምንድን ነው? ሁሉንም ፕሮግራም እንዲህ እየገለበጡ መጠቀምስ አይቻልም ወይ?
(ባለ ጽሕፈት ሥራዎች፣ ከልደታ)

መልስ፦ ጠበቃው የያዘው ፕሮግራምና እናንተ የገለበጣችሁት ፎልደር በመልክ ቢመሳሰሉም በአሠራራቸው የተለያዩ ናቸው። የጠበቃው ፕሮግራም ከመነሻው ከቦታ ቦታ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ የተዘጋጀ፣ በተለምዶ ፖርታብል የምንለው ነው፤ እናንተ የገለበጣችሁት ግን እንዲጫን ተብሎ ከተሠራ ፕሮግራም ላይ የተወሰደ ክፍል ብቻ ነው።

አንድ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ሲጫን አረንጓዴው መስመር እስኪሞላ ድረስ በምንጠብቅበት ጊዜ ከጀርባ ብዙ ሥራ ይሠራል። ዋና ዋናዎቹ ፋይሎች ፕሮግራም ፋይልስ በሚባለው ፎልደር ይቀመጣሉ፤ የተጠቃሚው ምርጫዎችና ማስተካከያዎች ደግሞ አፕዳታ በሚባለውና ብዙውን ጊዜ ተደብቆ በሚኖረው ፎልደር ውስጥ ይገባሉ፤ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ማእከላዊ መዝገብ ላይም ፕሮግራሙ የት እንዳለ፣ የትኞቹን የፋይል ዓይነቶች እንደሚከፍትና ሲፈለግ እንዴት እንደሚራገፍ ይጻፋል። ከዚህም በላይ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ዲ.ኤል.ኤል. የሚባሉ ፋይሎች በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ እንዲኖሩ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹም ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡና ከጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶችን ይተክላሉ። እናንተ የወሰዳችሁት ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ነገሩ ከኪራይ ቤት ዕቃን ጭኖ እንደ መውጣት ነው፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው እዚያው ይቀራል።

መልእክቱ ጎድሏል ያለው ፋይል ስሙ በኤም.ኤስ.ቪ.ሲ.ፒ. ወይም በቪ.ሲ.ረንታይም ጀምሮ 140 የሚል ቁጥር የተከተለበት ከሆነ፣ የጎደለው የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የጋራ ፋይሎች ጥቅል ነው፤ ይህም ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነፃ ወርዶ ይጫናል። የጎደለውን አንድ ፋይል ብቻ ለይተው እናቀርባለን ከሚሉ ገጾች አውርዶ መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ፋይሉ ከፕሮግራሙ ጋር መስማማቱ ቀርቶ ምን አዝሎ እንደሚመጣ የሚያረጋግጥ የለምና።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የተወሳሰበ አልነበረም። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን ፕሮግራም መጫን ማለት በአብዛኛው ከዲስኬት ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ዊንዶውስ 3.1 ላይ እንኳ ብዙ ፕሮግራሞች ምርጫዎቻቸውን የሚያስቀምጡት አይ.ኤን.አይ. በሚባሉ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ነበር። ከዊንዶውስ 95 ወዲህ ሬጂስትሪ ዋናው መመዝገቢያ ሲሆን በፕሮግራሙና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ትስስር ጠበቀ፤ ቪስታ ሲመጣ ደግሞ ለውጥ ከመደረጉ በፊት የአድሚን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ኃላፊ፣ ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት ተጨመረ። ፍላሽ በየሰው ኪስ ከገባ በኋላ ግን ወደ ጥንቱ አሠራር የመመለስ ፍላጎት አደረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጆን ሃለር የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ፋየርፎክስን ከፍላሽ ላይ እንዲሠራ አድርጎ አቀረበ፤ ይህ ጅምር አድጎ ነው ዛሬ የጽሑፍ ማዘጋጃውን ሊብረኦፊስን፣ የቪዲዮ ማጫወቻውን ቪ.ኤል.ሲ.ን፣ የፎቶ ማስተካከያውን ጊምፕንና ሌሎች ብዙ ነፃ ፕሮግራሞችን በዚህ መልክ የሚያቀርበው ፖርታብልአፕስ የተባለው ድረ ገጽ የሆነው።

ትክክለኛ ፖርታብል ፕሮግራም የሚታወቅበት ምልክት አንድ ነው፦ ምርጫዎቹን በራሱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ሱማትራ ፒ.ዲ.ኤፍ. የተባለውን ትንሽ ማንበቢያ በፖርታብል መልኩ አውርዳችሁ በአንድ ባዶ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና አንድ ሰነድ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ወደ ፎልደሩ ስትመለሱ ከፕሮግራሙ ጎን የማስተካከያ ጽሑፍ የያዘ አዲስ ፋይል ተፈጥሮ ታገኛላችሁ። የትኛውን ሰነድ የት ገጽ ላይ እንዳቆማችሁ ሳይቀር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ፎልደሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ይህም አብሮ ይሄዳል። የፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚወዱት ቪ.ኤስ. ኮድም በዚፕ የታሸገው ቅጂው ተፈትቶ በውስጡ ዳታ የሚባል ፎልደር ከተፈጠረለት ሁሉን ነገር ከዚያ ፎልደር ሳያወጣ ይሠራል፤ ፎልደሩ ከሌለ ግን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ምርጫዎቹን በተጠቃሚው አፕዳታ ውስጥ ያስቀምጣል።

እንግዲህ ለእናንተ ቤት የቱ ይሻላል? በእኔ አስተያየት ቦታቸውን በማይለቁ፣ ጠዋት ተከፍተው እስከ ማታ አንድ ዓይነት ሥራ በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች መጫን አለባቸው። ደንበኛ ያመጣው ፋይል ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት በትክክለኛው ፕሮግራም የሚከፈተው፣ ማሻሻያ ሲወጣም ብዙዎቹ ራሳቸው የሚያወርዱት ፕሮግራሞቹ ሲጫኑ ነው። ከፍላሽ ላይ መሥራት ደግሞ ይዘገያል፤ ሊብረኦፊስን የመሰለ ትልቅ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ስላሉት ከርካሽ ፍላሽ ላይ ሲነሣ ደንበኛ ተሰልፎ ለሚጠብቅበት ሥራ አይሆንም። መብራት በድንገት ጠፍቶ ፍላሹ ላይ እየተጻፈ የነበረው ቢቋረጥ ደግሞ የሚበላሸው የተከፈተው ሰነድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፍላሹ የፋይል ማውጫ ራሱ ሊናጋ ይችላል።

ፖርታብል ሊሆኑ ከቶ የማይችሉም አሉ፤ ለእናንተ ሥራ ደግሞ ዋናዎቹ እነዚሁ ናቸው። የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከዊንዶውስ ጋር ካልተሳሰረ ትርጉም የለውም። ኪማንን የመሰሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችም በሁሉም መስኮቶች ላይ እንዲሠሩ በዊንዶውስ የቋንቋ አገልግሎት ውስጥ መመዝገብ ስላለባቸው መጫን ግድ ነው፤ መጫን ባይቻል ግን ዊንዶውስ 10 በራሱ የያዘው የአማርኛ ኪቦርድ ከቋንቋ ማስተካከያው ላይ ሊከፈት ይችላል።

ፎንትን በተመለከተ ትንሽ ልዘርዝር፣ የጽሕፈት ቤቶች ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዚሁ ነውና። የግዕዝ ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ የሆነ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በወጡት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ፣ እነዚያ ፎንቶች በአንዳንድ ቤቶች ዛሬም ስላልቀሩ አሁን የተጻፈም ቢሆን፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን ሰነድ ለማንበብና ለማረም ፎንቱን መጫን ያስፈልጋል። በዩኒኮድ የተጻፈው ግን የተለየ ፎንት ባይኖርም ዊንዶውስ 10 ኢብሪማ የሚባለውን ፎንት ስለሚይዝ ቢያንስ ይነበባል፤ የመስመሩና የገጹ አቀማመጥ ግን ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ለችሎት የሚቀርብ ማመልከቻ በሌላ ቤት የሚታተም ከሆነ በፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጎ ለደንበኛው መስጠት ነው የሚበጀው፣ ፎንቱ በሰነዱ ውስጥ ታሽጎ ይሄዳልና።

የፎርማቱን ወጪ ለመቀነስ ግን ከፖርታብል የምታገኙት ጥቅም አለ። አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ሲና ዲ ተብለው የተከፈለ ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ ባለሙያው ፎርማት የሚያደርገው ዊንዶውስ ያለበትን ሲን ብቻ ስለሆነ፣ ፒ.ዲ.ኤፍ. ማንበቢያውን፣ ዚፕ መፍቻውንና ቪዲዮ ማጫወቻውን በፖርታብል መልክ ዲ ላይ ብታስቀምጡ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ቢጫንም እነርሱ ወዲያው ይከፈታሉ። ከእነርሱ ጎን አንድ ፎልደር ከፍታችሁ የዋና ዋና ፕሮግራሞቹን መጫኛ ፋይል፣ የፕሪንተሩን ድራይቨርና ፎንቶቹን ብታኖሩ ደግሞ ባለሙያው ከኢንተርኔት ሲያወርድ የሚያጠፋው ሰዓት ይቀርላችኋል፤ ሥራውን ራሳችሁ ለመልመድም ይረዳችኋል።

ይህ ምክር ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮግራም ፋይልስ ያለ አድሚን ፈቃድ የማይጻፍበት ፎልደር ነው፤ ዲ ላይ ያለውን ፎልደር ግን በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም፣ ቫይረስም ጭምር፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ከልካይ ሊጽፍበት ይችላል። ሳሊቲን የመሰሉ ቫይረሶች የሚኖሩት በፕሮግራም ፋይሎች ላይ ተለጥፈው ነው፤ ሲን አጽድቶ ዲን ሳይመረምሩ ከዚያ ላይ አንድ ፕሮግራም መክፈት ቫይረሱን መልሶ መጋበዝ ይሆናል። ኮምፒውተሮቻችሁ በየጊዜው የሚጠቁትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ከፎርማት በኋላ ምንም ነገር ከዲ ሳትከፍቱ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው የቫይረስ መከላከያ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ሙሉውን አስመርምሩ፤ የመጫኛዎቹንም ፎልደር ግልባጭ፣ የደንበኛ ኮምፒውተር ነክቶ በማያውቅ ሌላ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። በየቀኑ የምትሠሩበትንም አካውንት አድሚን ያልሆነ አድርጉት፤ የአድሚኑን ፓስወርድ ለምትቀጥሩት ልጅ አትስጡ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን ቀን በምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አድሚን ስላልሆንኩ ምንም መጫን አልችልም፤ ማታ ደግሞ አራት ኪሎ በሚገኝ ኢንተርኔት ካፌ እሠራለሁ። ካፌው ውስጥ የጫንኩት ነገር በማግስቱ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ፋየርፎክስን በፍላሽ ይዤ ብዞር ይህ ችግር ይቀረፋል? ፓስወርዶቼስ በካፌው ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀሩ ዋስትና ይሆነኛል?
(ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በካፌው የጫኑት የሚጠፋው ዲፕ ፍሪዝን የመሰለ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ስለሚመልሰው ነው። ለባለካፌው ጥሩ መከላከያ ነው። የእርስዎ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ከሆነ ግን ዲፕ ፍሪዝ ስለማይነካው፣ ዕልባቶችዎና ማስተካከያዎችዎ እንዳሉ ያገኟቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ችግርዎ ይፈታል፤ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ፖርታብልን የሚተካከል የለም።

የዋስትናው ጉዳይ ሌላ ነው። ፋየርፎክስ ፖርታብል ፓስወርዶችን የሚያስቀምጠው በራሱ ፎልደር ስለሆነ ካፌው ውስጥ አይቀሩም፤ ነገር ግን ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅ ያነሣው ሰው ፓስወርዶችዎን ሁሉ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ይህን ለመከላከል በፋየርፎክሱ ማስተካከያ ውስጥ ዋና ፓስወርድ ያብጁለት፤ ከዚያ በኋላ እርሱን የማያውቅ ሰው የተቀመጡትን በቀላሉ ሊያነብ አይችልም። ክሮምን በዚህ መልክ ለመጠቀም ቢያስቡ ደግሞ ፓስወርዶቹ የሚቆለፉት ከዊንዶውስ የተጠቃሚ አካውንት ጋር በተያያዘ ቁልፍ ስለሆነ፣ የክሮምን ፎልደር ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢገለብጡት የተቀመጡት ፓስወርዶች አይከፈቱልዎትም። ይህ በግልበጣ ለሚመጣ ስርቆት መከላከያ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ፖርታብል ፕሮግራም ዱካ አይተውም የሚለውን ግን አይመኑ። የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደተከፈተ፣ በቅርቡ የትኞቹ ሰነዶች እንደታዩ ዊንዶውስ ራሱ በየቦታው ይመዘግባል፤ በኪቦርድ የሚተየበውን የሚቀዳ ፕሮግራም ካፌው ኮምፒውተር ላይ ካለ ደግሞ ፋየርፎክስዎ ከፍላሽም ይነሣ ከየትም ፓስወርድዎን ከጣትዎ ሥር ይወስደዋል። የባንክ ሒሳብዎን በካፌ አይክፈቱ፤ በስልክዎ ይሥሩት።

ለፍላሹም ይጠንቀቁ። ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበት መንገድ በዊንዶውስ 7 ተዘግቷል፤ ለኤክስፒና ለቪስታም እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ማሻሻያ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ቫይረሶቹ የሚጠብቁት የእኛኑ ክሊክ ነው፦ ፎልደሮችዎን ደብቀው በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት፣ ያስቀምጣሉ። በየካፌው የሚዞር ፍላሽ ላይ ፎልደር በነበረበት ቦታ ትንሽ ቀስት ያለችበት ምልክት ካዩ አይክፈቱት፤ መጀመሪያ ያስመርምሩት።

ስለ መሥሪያ ቤትዎ ሁለት ነገር ልበል። አንዳንድ ፕሮግራሞች አድሚን ሳይጠይቁ በተጠቃሚው አፕዳታ ውስጥ ብቻ ሊጫኑ ይችላሉ፤ ክሮም ከነዚህ አንዱ ነው፤ ስለዚህ የአድሚን ፈቃድ ማጣት መጫንን ሁሉ አይከለክልም። ይሁንና ቴክኒኩ ስለቻለ ብቻ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ የአይ.ቲ. ክፍል ከውጭ የመጣ ፕሮግራም እንዳይከፈት ከከለከለ፣ በፍላሽ ማምጣትም ያንኑ ክልከላ መጣስ ነው፤ የሚያስፈልግዎትን ፕሮግራም ስሙን ጽፈው በማመልከቻ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ፤ ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። የሒሳብ መዝገብ መያዣውን ፕሮግራም ፒችትሪን ከቢሮው ዴስክቶፕ ወደ ላፕቶፔ በፍላሽ ገልብጬ እቤቴ ልሠራበት ሞከርኩ፤ አልተከፈተም። ፖርታብል የሆነ ፒችትሪ ይገኛል?
(የሒሳብ ባለሙያ፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አይገኝም፤ አለኝ የሚል ቢያጋጥምዎትም አይቀበሉት። ፒችትሪ የሒሳብ መዝገቡን የሚያነብበውና የሚጽፈው ፐርቬሲቭ በተባለ፣ ከጀርባ ሆኖ በሚሠራ የዳታቤዝ አገልግሎት አማካይነት ነው፤ ይህ አገልግሎት በዊንዶውስ ላይ ካልተተከለ ፕሮግራሙ መዝገቡን ሊደርስበት አይችልም፣ አገልግሎትን ደግሞ ፎልደር በመገልበጥ መትከል አይቻልም። በላፕቶፕዎ ላይ በሕጋዊ ፈቃድ ይጫኑትና ከቦታ ቦታ የሚያንቀሳቅሱት የድርጅቱን መዝገብ ብቻ ይሁን፤ እርሱንም ፎልደሩን በመገልበጥ ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥ ፋይል ከሚለው ዝርዝር ላይ ባክአፕ በማድረግና በሌላኛው ላይ ሪስቶር በማድረግ ይውሰዱት። በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው የፒችትሪ ቅጂ (ቨርዥን) አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በአዲሱ ቅጂ የተከፈተ መዝገብ ወደ አሮጌው አይመለስምና። እቤት ሲሠሩ ቢሮ ያለ ሌላ ሰው በዚያው መዝገብ ላይ ከመዘገበ ግን ሁለቱን የሚያዋህድልዎት ነገር የለም፤ አንዱ በሌላው ላይ ተጽፎ ይጠፋል። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚሠራ ከባልደረቦችዎ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ውስጥ የጥሪ ካርድና ባነር ዲዛይን እሠራለሁ። አንድ ጓደኛዬ መጫን የማያስፈልገው ፖርታብል ፎቶሾፕ በፍላሽ ሰጠኝ፤ ስከፍተው ዲፌንደር ከለከለኝ። ጓደኛዬ ዲፌንደሩን አጥፍተህ ክፈተው፣ ክራክ (የፈቃድ መጠየቂያው የተሰበረ) ስለሆነ ነው እንጂ ቫይረስ አይደለም አለኝ። ላጥፋው?
(ዲዛይነር፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አያጥፉት። አዶቤ ፖርታብል የሆነ ፎቶሾፕ አውጥቶ አያውቅም፤ ማይክሮሶፍትም ፖርታብል ኦፊስ የለውም። በእጅዎ ያለው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የተጫነን ፕሮግራም ፈትቶ፣ የፈቃድ መጠየቂያውን ሰብሮ መልሶ ያሸገው ነው፤ ሲያሽግ ምን እንደጨመረበት እርስዎም ጓደኛዎም ልታውቁ አትችሉም። ዲፌንደር አንዳንድ ጊዜ ንጹሑን ፋይል ሊጠረጥር ይችላል፤ ነገር ግን ሠሪው የማይታወቅ ፋይል ላይ ይህን ጥርጣሬ ሽሮ ማለፍ የደንበኞችዎን ፎቶ ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ከየትም የመጣን ፕሮግራም ከመክፈትዎ በፊት ፋይሉ ላይ በማውዙ የቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ የሚለውን ይክፈቱ፤ ዲጂታል ሲግኔቸርስ የሚል ገጽ ካለና የሠሪው ድርጅት ስም በላዩ ከሰፈረ፣ ዲቴይልስ የሚለውን ተጭነው ፊርማው ትክክል ነው የሚል ቃል መኖሩን ይመልከቱ። ገጹ ከሌለ ፋይሉ አልተፈረመም ማለት ነው። ያልተፈረመ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ትንንሽ ነፃ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ አይፈረሙም፣ እነርሱን ከሠሪያቸው ገጽ በቀጥታ ካወረዱ ይበቃል። ፎቶሾፕ ተብሎ የተሰጠ ፋይል ግን የአዶቤ ፊርማ ከሌለበት ከፍላሹ ላይ ያጥፉት። ለፎቶ ማስተካከያ ጊምፕ፣ ለካርድና ለባነር ንድፍ ደግሞ ኢንክስኬፕ በነፃ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛን ይቀበላሉ፣ በፖርታብል መልክም አሉ። ባነር ለሚያትምልዎት ቤት ሥራውን በፒ.ዲ.ኤፍ. አድርገው፣ ጽሑፉንም ወደ ቅርጽ ቀይረው ይላኩ።